ሃንድፒስ በአልኮል መጥረግ ይበቃል ወይ? የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛስ ምን ያህል መሠልጠን አለበት?

ረዳት ነርስ፣ አዲስ አበባ

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የግል ጥርስ ክሊኒክ በረዳትነት እሠራለሁ። ነርስ ነኝ፣ በፊት ጤና ጣቢያ ነበርኩ። የጥርሱን ሥራ የለመድኩት እዚሁ ሥራ ላይ እያየሁ ነው። የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ሙያው ውስጥ ያላችሁ እንድትመልሱልኝ ብዬ ነው።

ኦቶክሌቭ፣ ማለትም ዕቃ ላይ ያለውን ጀርም በእንፋሎት ገድሎ የሚያመክነው ማሽን፣ አለን። የጥርስ መንቀያዎቹ ፎርሴፕሱና ኤለቫተሩ፣ መስታወቱ ሁሉ ይገባበታል። ሃንድፒሱ፣ ያ ጥርስ የሚቆፈርበት በእጅ የሚያዘው ዕቃ፣ ግን አይገባም። አንዱ ታካሚ ተነስቶ ሌላው እስኪቀመጥ በአልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረግና ወዲያው ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል። ስጠይቅ «ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው የሚሠራው፣ ኦቶክሌቭ ቶሎ ያበላሸዋል» ተባልኩ። ወንበራችን ሁለት ነው፣ ሃንድፒሳችንም ሁለት። ቅዳሜ ደግሞ ሰው ተሰልፎ ነው የሚውለው።

ሌላው የሥልጠናው ነገር ነው። ዕቃ የሚያጥቡት የጽዳት ሠራተኛችን ናቸው፣ እናቴ የሚሆኑ ሴት። በዚያች ስስ የምርመራ ጓንት በረኪና ውስጥ ከተነከረው መሀል እጃቸውን ከተው ስል ዕቃ ያወጣሉ። ቁጭ አድርጎ ያስተማራቸው ሰው የለም። ባለፈው ወር አንዱ ወጋቸው። ውሃ አፍስሰውበት ሥራቸውን ቀጠሉ፣ የመዘገበውም የለም።

ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ሥራቸውን ይወዳሉ። ሳላስቀይማቸው እንዴት ላንሳው? ለእኛ ለሠራተኞቹስ መሰጠት ያለበት ሥልጠና ምን ምን ነው?

የጥርስ ሐኪም

እህቴ፣ ቀጥታ ልመልስልሽ። አይበቃም።

ሃንድፒስ የሚቆሽሸው በውጭው ብቻ አይደለም። ሐኪሙ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ ውስጡ የሚሽከረከረው ተርባይን እስኪቆም ድረስ ምራቅና ደም ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ያ ነገር እዚያው ይቀመጥና ለሚቀጥለው ሰው ሲነሳ ከውሃውና ከአየሩ ጋር ተመልሶ ይወጣል። አልኮሉ እዚያ አይደርስም። በዚያ ላይ አልኮል ደም ላይ ሲያርፍ አድርቆ ያጣብቀዋል እንጂ አያጸዳውም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) በ2003 እ.ኤ.አ. ለጥርስ ሕክምና ባወጣው መመሪያ ፈጣኑም (ሃይ ስፒዱ) ዝግተኛውም (ሎው ስፒዱ) ሃንድፒስ ከእያንዳንዱ ታካሚ በኋላ በሙቀት እንዲመክን ነው ያዘዘው።

«ያበላሸዋል» የሚለው እኔም ጋ ብዙ ጊዜ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ሳይጸዳና ዘይት ሳያገኝ መግባቱ ነው። ታካሚው ሲያልቅ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ውሃና አየር እያስወጣሽ አሽከርክሪው። ከዚያ ንቀዪው፣ ውጭውን አጽጂ፣ አምራቹ ያዘዘውን ዘይት ንፊበት፣ ትርፉ ዘይት እንዲወጣ ትንሽ አሽከርክሪና በማምከኛ ከረጢቱ (ፓውች) ውስጥ አሽገሽ ማሽኑ ውስጥ አስገቢው። አዲስ ሲገዛ ደግሞ ሰውነቱ ላይ 134 ዲግሪ የሚል ምልክት መኖሩን እዩ።

ዋናው ችግራችሁ ግን ቁጥሩ ነው የሚመስለኝ። በጥሩ ማሽን 134 ዲግሪ ላይ ማምከኑ ራሱ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ነው። መሞቁ፣ መድረቁና መቀዝቀዙ ሲጨመርበት ግን አንዱ ዙር ወደ አንድ ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። በየግማሽ ሰዓቱ ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ካላችሁ አንዱ ሃንድፒስ አፍ ውስጥ፣ ሁለቱ ማሽን ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ ታሽጎ የሚጠብቅ መሆን አለበት። ለአንድ ወንበር አራት አምስት ከሌለ ረዳቷ የፈለገችውን ያህል ብትሠለጥን መጥረጓ አይቀርም፣ ምክንያቱም ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦ እየጠበቀ ነው። ብዙ ጊዜ «ሠራተኛው አልሠለጠነም» የሚባለው ነገር ውስጡ ሲታይ ዕቃው አለመኖሩ ነው።

በረኪናውን በተመለከተ፣ ብዙዎቻችን የተማርነው ዕቃውን መጀመሪያ 0.5 በመቶ ክሎሪን ውስጥ 10 ደቂቃ መንከር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማኑዋል ይህን አይመክርም። ደም ካለበት ክሎሪኑ ይዳከማል፣ ብረቱን ይበላዋል፣ የሚያጥበው ሰውም «ነከርኩት እኮ» ብሎ ይዘናጋል። ትክክለኛው ደሙ ሳይደርቅ እርጥብ አድርጎ ማቆየት፣ በሳሙናና በብሩሽ ውሃ ውስጥ ጠልቆ እያለ ማጠብ፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ማምከን ነው። ፎርሴፕስ ሲገባ አፉ ይከፈት። ያልታጠበ ዕቃ ማሽኑ ውስጥ ስለገባ መከነ ብለሽ አትመኚ።

ስለ እናታችን፣ ወፍራም የላስቲክ ጓንት ዛሬውኑ ይገዛላቸው፣ ዕቃ ማጠቢያ የሚሸጥበት ሱቅ ሁሉ አለ። የተወጋ ሰው ቦታውን በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፣ አይጨምቀውም። ወዲያው ተናግሮ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም ይሄዳል። መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው፣ ከ72 ሰዓት ካለፈ ግን አይጀመርም፤ ከተጀመረ 28 ቀን ይወሰዳል። የእሳቸው ጊዜ አልፏል። ቢሆንም አሁን ይመርመሩ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራም ይጨመር፣ ነፃ ከሆኑ ክትባቱን ይጀምሩ።

የጉበቱን ነገር ደጋግሜ የማነሳው ሰው ስለሚንቀው ነው። ቫይረስ ቢ ደርቆ ዕቃ ላይ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ባለበት መርፌ ቢወጋ የመያዝ ዕድሉ ከመቶ ከ6 እስከ 30 ይደርሳል፣ የኤችአይቪ ግን ከሺህ 3 ገደማ ነው። አገራችን ክትባቱን በመደበኛነት ለሕፃናት መስጠት የጀመረችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ዛሬ ክሊኒክ ውስጥ ያለው አብዛኛው ሠራተኛ በልጅነቱ አልተከተበም። ሦስት ጊዜ ነው፣ መጀመሪያ፣ ከወር በኋላ፣ ከዚያ በስድስተኛው ወር። ከመጨረሻው ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ሰውነት መከላከያውን መሥራቱ በደም ምርመራ ይታያል።

ሜሪላንድ የምሠራ ረዳት

ሰላም እህቴ። እኔም አዲስ አበባ ጀምሬ አሁን ሜሪላንድ በጥርስ ረዳትነት ነው የምሠራው። ስለ ሥልጠናው ልጨምርልሽ።

እዚህ ኦሻ የሚባለው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ያወጣው የ1991 ደንብ አለ፣ በደም ስለሚተላለፉ በሽታዎች። ደም ሊነካ የሚችል ማንኛውም ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር ይሠለጥናል፣ ከዚያም በየዓመቱ ይደገማል። በሥራ ሰዓት ነው፣ በነፃ ነው፣ ጥያቄ የሚመልስ ሰው መኖር አለበት። ቪዲዮ ከፍቶ መሄድ አይቻልም። ሐኪም፣ ረዳት፣ ዕቃ አጣቢ ተብሎ አይለይም። የቢ ክትባት በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አሠሪው በራሱ ወጪ ያቀርባል፣ አልፈልግም ያለ ይፈርማል። ማን መቼ ምን እንደሠለጠነ የሚያሳየው መዝገብ 3 ዓመት ይቀመጣል።

ከሁሉም ለእናንተ ይጠቅማል የምለው አንድ ኃላፊ መሰየም ነው። ሲዲሲም ይመክረዋል፣ በክሊኒኩ ቢያንስ አንድ የሠለጠነ ሰው ይህን ሥራ በስሙ ይይዛል። ያ ሰው ካልተሰየመ «አንቺ ያስገባሽው መስሎኝ» ይባልና ያልመከነ ዕቃ ትሪ ላይ ይወጣል። ነርስ ነሽ፣ ጤና ጣቢያ ሠርተሻል፣ አንቺ ብትሆኚ ጥሩ ነው። ግን በቃል አይሁን፣ በደብዳቤ ይሁን፣ ለሥራውም ሰዓት ይመደብልሽ።

ደግሞ አሜሪካ ስለሆነ ሁሉም ይከበራል ማለቴ አይደለም። በ2013 ቱልሳ፣ ኦክላሆማ ውስጥ በአንድ የጥርስ ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ተቆጣጣሪዎች የዛገ ዕቃ አገኙ። ማሽኑ በትክክል ማምከኑ የሚረጋገጥበት ምርመራም ለዓመታት እንዳልተደረገ ገለጹ። ወደ 7,000 ለሚጠጉ ታካሚዎች ተመርመሩ ተብሎ ደብዳቤ ተላከ። በመጨረሻም ሄፓታይተስ ሲ በጥርስ ክሊኒክ ከታካሚ ወደ ታካሚ መተላለፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በአሜሪካ የተረጋገጠው እዚያ ነው። ማሽኑ ነበራቸው እኮ።

የክሊኒክ ባለቤት

ከባለቤት በኩል ልናገር፣ ቅር እንዳትሰኙ። ዶክተሩ ከላይ የጻፉት ልክ ነው፣ አልከራከርም። ግን ሃንድፒስ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው። ጥሩው ውድ ነው፣ ርካሹ ኦቶክሌቭ አይችልም ወይም ምልክቱ ብቻ ነው ያለው። ኪራይ፣ ደሞዝ፣ ግብር አለ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ኦቶክሌቭ አለ ወይ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ አለ ወይ ይላል። በቀን ስንት ሰው ታያለህ፣ ስንት ሃንድፒስ አለህ ብሎ የጠየቀኝ እስካሁን የለም። መጠየቅ ያለበት እኮ እሱ ነው! ይሄ ጥያቄ ቢጨመር የግል ክሊኒኩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይስተካከል ነበር፣ እኔም ከጎረቤቴ ጋር በዋጋ ስወዳደር ንጹሕ በመሥራቴ አልጎዳም ነበር።

እኛ ያደረግነው ይሄ ነው። አንድ በአንድ ገዛን። እስኪሟላ ደግሞ ቀጠሮውን ቀየርን። ቁፋሮ ያለበት ሁለት ታካሚ ተከታትሎ አይቀመጥም። መሀላቸው ምርመራ፣ ተራ የጥርስ መንቀል፣ ልክ መውሰድ፣ ስፌት ማውጣት እናስገባለን። እነዚህ ሃንድፒስ አይፈልጉም፣ ማሽኑም ጊዜ ያገኛል። የገንዘብ ወጪ የለውም። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ይህን ማወቅ አለባት፣ ስለዚህ እሷም ትሠልጥን።

የሥልጠናው ችግር ደግሞ ሰው መልቀቁ ነው። ረዳት ታሠለጥናለህ፣ ልምድ ስታገኝ ሌላ ቦታ የተሻለ ደሞዝ ታገኝና ትሄዳለች። አልወቅሳትም። እኛ ከማጠቢያው በላይ ቅደም ተከተሉን በአማርኛ ጽፈን በላስቲክ ሸፍነን ለጥፈናል። አዲስ ሰው ሲገባ የመጀመሪያውን ሳምንት ታካሚ ጋ አይደርስም፣ ዕቃ ክፍል ነው የሚውለው፣ እያጠበ፣ እያሸገ፣ መዝገብ እየሞላ። ሐኪሞቹ ፈቃድ ለማደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ (ሲፒዲ) ሥልጠና ይወስዳሉ። ዕቃ የሚያጥበው ሰው ግን እዚያ የለም፣ ስለዚህ እሱን ማስተማር የእኛ የባለቤቶቹ ዕዳ ነው።

ለዶክተርሽ እንዴት ትንገሪያቸው ለሚለው፣ ሰው ባለበት አታንሺው። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይሁን። «ዶክተር፣ ቅዳሜ ይህን ያህል ሰው ቁፋሮ ነበረው፣ ያለን ሁለት ሃንድፒስ ነው፣ ማሽኑ አንዱን ዙር በዚህ ሰዓት ነው የሚጨርሰው» ብለሽ ወረቀቱን አሳዪያቸው። እኔ ብሆን «ትክክል አይደሉም» ብትይኝ ልቆጣ እችላለሁ፣ ቁጥር ይዘሽ ብትመጪ ግን ቁጭ ብዬ አያለሁ።

ባዮሜዲካል ቴክኒሻን

ኦቶክሌቭ ጥገና ላይ ስለምሠራ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው።

ከፍታችን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ደረጃ «ቀቅለነዋል» የሚባል ማምከን የለም፣ ጅቡቲ ወደብ ላይም ቢሆን የለም፤ እዚህ ደግሞ ይብሳል። ሁለተኛው የግፊቱ ጉዳይ ነው። በባሕር ወለል ላይ የተጻፈው ማኑዋል 121 ዲግሪ ለማግኘት የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 15 ፒኤስአይ ያሳይ ይላል። የአዲስ አበባ አየር ቀላል ስለሆነ እዚህ ጌጁ ከ18 እስከ 19 ማሳየት አለበት። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚያም ይጨምራል፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ስለሆነች ያነሰ ነው። ያ በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራው የድስት ዓይነት ኦቶክሌቭ ካላችሁና ሰውየው 15 ላይ ሲደርስ ደቂቃ መቁጠር ከጀመረ፣ ውስጡ 121 አልደረሰም ማለት ነው። ዕቃው ሞቋል፣ አልመከነም።

ዲጂታሎቹ ሙቀቱን ራሱን ስለሚለኩ ይሻላሉ። ቢሆንም ውስጥ አየር ከቀረ ወይም ፓውቹ ተደራርቦ ከታጨቀ እንፋሎቱ መሀል አይደርስም። ፓውች በጎኑ ቁሞ፣ መሀሉ ክፍተት ኖሮት ይደርደር። ፓውቹ ላይ ቀለም የምትቀይረው ምልክት ደግሞ ብዙ ጊዜ የምታሳየው ዕቃው ማሽን ውስጥ መግባቱን ብቻ ነው። ማሽኑ በእርግጥ መግደሉን የሚያረጋግጠው ስፖር ቴስት ነው፣ ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር አስገብቶ ሞቶ ወጣ ወይ ብሎ ማየት። ሲዲሲ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይላል። በየቀኑ ማድረግ የምትችሉት ደግሞ አለ፣ የሙቀት መጠን፣ ደቂቃ፣ ቀንና የሠራው ሰው ፊርማ በመዝገብ። ለጥገና ስጠራ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን መዝገብ ነው፣ ማሽኑ መቼ መድከም እንደጀመረ እዚያ ላይ ይታያል።

ታካሚ ነኝ

ሙያው የለኝም፣ ግን ሳነብ ደነገጥኩ። እኔ እስካሁን የማየው ጓንት መቀየሩን ብቻ ነበር። ከአሁን በኋላ «ፓውቹ እዚሁ ፊቴ ይከፈትልኝ፣ ሃንድፒሱም ከፓውች ይውጣልኝ» ብል ሐኪሙ ይቀየመኛል?

የጥርስ ሐኪም

አይቀየምም፣ ቢቀየምም ይጠይቁ። ፊትዎ መክፈት የሚገባ ነገር ነው። ታካሚ ሲጠይቅ ረዳቷም አቅም ታገኛለች።

ረዳት ነርስ፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠዋት አነጋገርኳቸው። ወረቀቱን አይተው ዝም አሉ፣ ከዚያ ቀጠሮውን ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እንድናፈራርቅ ተስማሙ፣ ሁለት ሃንድፒስ አሁን ይገዛል፣ ሌላው በየተራ። ወፍራሙ ጓንት ተገዝቷል። እማማም ነገ ለምርመራ ይሄዳሉ፣ አብሬያቸው ነኝ።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ማሽኑ እየሠራ መብራት ቢጠፋ ከቆመበት ይቀጥላል ወይ? ደግሞ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ወንበሩ ከሮቶ ነው የሚጠጣው፣ ይሄስ ችግር አለው?

ባዮሜዲካል ቴክኒሻን

አይቀጥልም። መብራት ከጠፋ ያ ዙር እንደሌለ ይቆጠራል። ፓውቹ ከረጠበ ወይም ከተቀደደ ቀይሩት፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመር፣ መዝገቡ ላይም «ተቋርጧል» ተብሎ ይጻፍ። ጀነሬተር ካላችሁ ማሽኑን ከሱ መስመር ጋር አገናኙት፣ ከማስታወቂያው መብራት በፊት እሱ ይቅደም። ለኦቶክሌቩ የሮቶ ውሃ አትጨምሩ፣ የተጣራ ውሃ ይሁን፣ ያለዚያ ኖራው ይደፍነዋል።

የጥርስ ሐኪም

የወንበሩ ውሃ ችግር አለው፣ ከሮቶም ይሁን ከመስመር። ቱቦዎቹ ቀጭን ስለሆኑና ውሃው ስለሚያድር ውስጣቸው በባክቴሪያ ዝልግልግ ይሸፈናል። በ2016 ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ውስጥ በአንድ የልጆች ጥርስ ክሊኒክ የወንበሩ ውሃ ተበክሎ፣ የወተት ጥርሳቸው ነርቭ የታከመላቸው በአስሮች የሚቆጠሩ ሕፃናት መንጋጋቸው ድረስ በሚዘልቅ ኢንፌክሽን ተይዘው ሆስፒታል ገብተዋል። የሲዲሲ ገደብ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ500 ያልበለጠ ባክቴሪያ ነው።

ወንበራችሁ የራሱ ጠርሙስ የሚገጠምለት ከሆነ ከሮቶው አላቁትና በተጣራ ውሃ ሙሉት። ማታ ጠርሙሱን አውጥታችሁ ባዶውን አድርቁት፣ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ቱቦውን ለጥቂት ደቂቃ አፍስሱት፣ አምራቹ የሚያዝዘውን የቱቦ ማጽጃም በጊዜው ተጠቀሙ። አጥንት ተከፍቶ ለሚሠራ መንቀል ግን የወንበሩን ውሃ ፈጽሞ አትጠቀሙ፣ የታሸገ የመከነ የጨው ውሃ (ስቴራይል ሳላይን) በሲሪንጅ ይሁን።